«ስታፍ» የሚባለው መምህር

በእኛ አገር ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ነው። ከሌክቸረርነት ተነስቶ፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እየተባለ በዓመታት ጥናትና ኅትመት የሚወጣ መሰላል አለው። የመጨረሻውን እርከን የረገጠ ሰው ስሙ በዜና ይነገራል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ማዕረጉ ከስሙ ፊት አይለይም። አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ግን ፕሮፌሰር ማለት ክፍሉ ውስጥ ከፊት የቆመው ሰው ነው። 30 ዓመት ያስተማረውም፣ ባለፈው ሳምንት የተቀጠረውም በተማሪው አፍ ያው «ፕሮፌሰር» ነው። መጠሪያው አንድ ሆኖ ከጀርባው ያለው ኑሮ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ይህ መራራቅ ከየት እንደመጣ ነው በታሪክ ልከተለው የፈለግኩት።

እኔ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነኝ፤ ዲግሪዬ የምህንድስና ነው። ታሪክ የማነበው ከሥራ በኋላ፣ ለራሴ ብዬ ነው። ይህኛው ታሪክ ግን ኑሮዬንም ይነካል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንደሚኖሩ ብዙ ሐበሾች የመጀመሪያዎቹን ሁለት የኮሌጅ ዓመታት የጨረስኩት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ በአጭሩ ላስረዳ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት በሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በብዙ የሚያንስ፣ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ቀን ሠርተህ ማታ ትማራለህ፤ 60 ገደማ ክሬዲት ስታጠራቅም ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለህ። ታክሲ የሚነዳውም፣ አረጋውያን የምትንከባከበውም፣ ትናንት ከቦሌ የተነሳውም እዚያ ይገናኛሉ።

ወደ ምህንድስና የሚያመራ ተማሪ ከማኅበራዊ ሳይንስ የግድ አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድ አለበት። አብዛኞቻችን ኢኮኖሚክስን እንመርጣለን፤ ግራፍ ስላለው ይቀለናል ብለን። የእኔ መምህር ማታ ማታ የሚያስተምሩ፣ የሰሌዳ እስክሪብቶ ሳይቀር ራሳቸው ገዝተው የሚመጡ ሰው ነበሩ። በሳምንት ሦስት ኮሌጅ ይዞራሉ። ቢሮ የላቸውም፤ ጥያቄ ያለው ተማሪ የሚያገኛቸው ካፍቴሪያ ውስጥ ነው። አንዱን ስትመርጥ የተውከው ነገር የመረጥከው ነገር እውነተኛ ዋጋ መሆኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አንድ ነገር ስወስን ያ ትምህርት ይመጣብኛል።

የሚቀጥለው ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር ሲወጣ ስማቸውን ፈልጌ አጣሁት። የመምህር ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ስታፍ» ይላል። ሠራተኛ ማለት ነው፤ ማን እንደሚያስተምር ገና ያልተወሰነ ሲሆን ኮሌጆች የሚጽፉት ቃል ነው። አብሮን የነበረ አንድ አዲስ ገቢ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይኼ ስታፍ የሚባለው ሰውዬ ግን ስንቱን ኮርስ ነው የሚያስተምረው?» ሲል በሳቅ ሞትን።

ቆይቼ ሳስበው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስታፍ ማን ነው? ስሙንስ እንዴት አጣ? መልሱ የሚጀምረው ከ120 ዓመት በፊት ነው። ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ተማሪዎች

ዛሬ ካሉት የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጆች አንጋፋው በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ ተጀመረ። ተማሪዎቹ 6 ነበሩ። ሐሳቡን ያፈለቁት የከተማዋ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄ. ስታንሊ ብራውንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ናቸው። ሃርፐር ዩኒቨርሲቲ የምርምርና የከፍተኛ ጥናት ቤት እንዲሆን ይፈልግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእሱ ዓይን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማራዘሚያ ናቸው። በራሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርቱን ለሁለት ከፍሎ፣ በ1896 የታችኛውን «ጁኒየር ኮሌጅ»፣ የላይኛውን «ሲኒየር ኮሌጅ» አሰኘው። ጆሊየት ላይ የሆነው፣ ያ የታችኛው ግማሽ ከግቢው ወጥቶ በሌላ ከተማ የራሱን ጎጆ መቀለሱ ነው።

ሃርፐር የከፈለው ተማሪን ብቻ አልነበረም፤ መምህርንም ጭምር ነው።

በዚያው ዘመን በሃርፐር ዩኒቨርሲቲ ቶርስታይን ቬብለን የሚባል ኢኮኖሚስት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሎረንስ ላፍሊን ከኮርኔል ይዞት የመጣ፣ «ጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ» የተባለውን መጽሔት በአርታኢነት ያገለገለ፣ በ1899 ስለ ሥራ ፈት ባለጸጎች መደብ ባሳተመው መጽሐፍ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ግን እያጉተመተመ የሚያስተምር፣ ተማሪ ሲበዛበት የማይወድ እንደነበር ይነገራል። የቬብለን ዋጋ የሚለካው በሚጽፈው ነበር። ጆሊየት ያለው መምህር ዋጋ የሚለካው ደግሞ ክፍል ውስጥ በሚያደርገው ነው። ሁለት ዓይነት ሙያ ተወለደ፤ አንዱ የሚጽፍ፣ ሌላው የሚያስተምር። ስም የሚያስገኘው የመጀመሪያው ብቻ ሆነ።

በእርግጥ ለሚጽፈውም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቬብለን በ1906 ቺካጎን ሲለቅ ከረዳት ፕሮፌሰርነት በላይ አልወጣም ነበር። በ1918 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በነጋዴዎች እጅ ገብተው እንደ ንግድ ድርጅት እየተመሩ ነው ብሎ ከሰሰ። ያ ክስ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ይልቅ ዛሬ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን ይበልጥ ሳይገልጽ አይቀርም።

ጁኒየር ኮሌጆቹ የተወለዱት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆድ ነው። ካሊፎርኒያ በ1907 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ12ኛ ክፍል በላይ እንዲያስተምሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ፍሬዝኖ በ1910 ጀመረች። መምህራኑም፣ ሕንጻውም፣ አሠራሩም የትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ የተወረሰ አንድ ነገር እስከ ዛሬ በብዙ ኮሌጆች አለ፤ የደመወዝ ሠንጠረዡ። ወደ ጎን የትምህርት ደረጃህ፣ ወደ ታች የአገልግሎት ዓመትህ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ደመወዝህ ተጽፏል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ሁለት ቁልፍ ሰጥተህ አንድ ቁጥር የምትቀበልበት ሠንጠረዥ ነው። ምን ጻፍክ፣ ምን አገኘህ የሚል ቁልፍ የለውም። እንዴት አስተማርክ የሚልም የለውም።

ለመሐንዲሶች የተጻፈው መጽሐፍ

በ1944 ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ሕግ ወጣ። በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት፣ በጆርጅ ዙክ የሚመራው ኮሚሽን፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በየአካባቢው ተስፋፍቶ ለሕዝቡ ይቅረብ የሚል ሪፖርት አወጣ። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1948፣ የፖል ሳሙኤልሰን የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ ታተመ። የመጽሐፉ አነሳስ ለእኔ ቢጤ ያስቃል። ሳሙኤልሰን የሚያስተምረው ኤም.አይ.ቲ. ነበር፤ እዚያ ያለው ተማሪ በአብዛኛው የምህንድስናና የሳይንስ ተማሪ ነው። ኢኮኖሚክስ ግዴታ ሆኖበት ይወስዳል፤ አይወደውም። የክፍሉ ኃላፊ እነዚህ ልጆች የሚወዱት መጽሐፍ ጻፍልን ብሎ ለመነው፤ ጻፈ። ያ መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጦ ወደ በርካታ ቋንቋዎች ተተረጎመ። እሱን አርአያ አድርገው የተጻፉት መጻሕፍት ዛሬም የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ መምህር በእጁ የሚይዛቸው ናቸው። እኔም ግዴታ ሆኖብኝ ማታ ክፍል የገባሁት፣ ሳላውቀው ለእኔ ዓይነቱ ተማሪ በተቀየሰ ትምህርት ላይ ነበር።

አገሪቱ ውስጥ ካሉት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲሶው ያህል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው ያለው። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ሌላ የኢኮኖሚክስ ክፍል አይገቡም። የዋጋ ንረት ምንድን ነው፣ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር ምን ይሆናል፣ ታሪፍ የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን አንድ ዜጋ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ በሥርዓት የሚሰማው ከዚህ ሰው አፍ ነው። የኖቤል ተሸላሚው መጽሐፉን ይጽፋል፤ ለነርሷና ለመካኒኩ የሚያደርሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

የዚህን ሰው ሥራ መጠን የሚወስነው ስምምነት በ1960 በካሊፎርኒያ ተጻፈ። በስምምነቱ ትልቅ ሚና የነበረው ክላርክ ኬር፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ በሙያው የሠራተኛ ጉዳይ ኢኮኖሚስት ነበር። ማስተር ፕላን የተባለው ሰነድ ሦስት እርከን አበጀ፤ ከላይ ምርምርና ዶክትሬት የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ፣ በመካከል የግዛት ኮሌጆች፣ ከታች ለሁሉም ክፍት የሆኑት ጁኒየር ኮሌጆች። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ በአሜሪካ በአማካይ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይከፈት ነበር ለማለት ይቻላል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስት በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ሲያስተምር፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ቋሚ መምህር በተለምዶ 15 ክሬዲት፣ ማለትም አምስት ኮርስ ያስተምራል። አምስት ክፍል ያለው ሰው መቼ ይጽፋል? አይጽፍም። ስለማይጽፍም ሙያው አይቆጥረውም።

እዚያው 1960 ላይ በርተን ክላርክ የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በሳን ሆዜ ጁኒየር ኮሌጅ ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ኮሌጁ ብዙ ተማሪ ከትልቅ ሕልሙ ቀስ እያለ እንዲወርድ፣ ውድቀቱንም እንደ ራሱ ምርጫ እንዲቀበል ያለሳልሰዋል አለ። ስለ ተማሪዎቹ የተናገረው ስለ መምህራኑም ይሠራል ባይ ነኝ። በሩን የሚከፍተውም ሰው ሕልሙን እንዲያሳንስ በትሕትና ይነገረው ነበር። ይህ በግልጽ የታየው ቴክሳስ ውስጥ ነው።

ኦዴሳ፣ 1969

ሮበርት ሲንደርማን ከ1959 እስከ 1969 በቴክሳስ የመንግሥት ኮሌጆች አስተማረ፤ ሁለት ዓመት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ዓመት በሳን አንቶኒዮ ጁኒየር ኮሌጅ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት በኦዴሳ ጁኒየር ኮሌጅ። የሚያስተምረው መንግሥትና ማኅበራዊ ሳይንስ ነበር። ኦዴሳ የሠራው በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው፤ አራት ጊዜ ተፈራረመ።

በ1968–69 የትምህርት ዘመን የቴክሳስ ጁኒየር ኮሌጅ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዚህ ኃላፊነቱ የግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴዎች ፊት እየቀረበ መሰከረ። ኮሌጁ ወደ አራት ዓመት ኮሌጅነት ይደግ ከሚሉት ጋር ቆመ፤ የኮሌጁ ቦርድ ደግሞ ይህን አይፈልግም ነበር። ቦርዱን ክፉኛ የሚነቅፍ የጋዜጣ ማስታወቂያም በስሙ ወጣ። በግንቦት 1969 ውሉ ሲያበቃ ቦርዱ አላድስም አለ። አለቆቹን አልታዘዘም የሚል መግለጫ ለጋዜጦች ሰጠ፤ ለራሱ ለሲንደርማን ግን ምክንያቱን በይፋ አልነገረውም፤ ቀርቦ እንዲከራከርም አልፈቀደለትም።

አሜሪካ ውስጥ መምህርን ከእንዲህ ያለው ነገር የሚጠብቀው «ቴኑር» የሚባለው የቅጥር ዋስትና ነው፤ የሙከራ ዓመታትህን ከጨረስክ በኋላ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ክርክር አትባረርም። ኦዴሳ ኮሌጅ ቴኑር አልነበረውም። የመምህራን መመሪያው ላይ ግን አስገራሚ አንቀጽ ነበረ። አንቀጹ ኮሌጁ የቴኑር ሥርዓት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ መምህሩ ሥራውን አጥጋቢ በሆነ መንገድ እስከሠራ፣ ከባልደረቦቹና ከአለቆቹ ጋር እስከተባበረ፣ በሥራውም ደስተኛ እስከሆነ ድረስ ቋሚ ዋስትና እንዳለው እንዲሰማው አስተዳደሩ ይመኛል ይላል።

«እንዲሰማው»! ይህችን ቃል ካነበብኩ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ዋስትና የለህም፤ እንዳለህ ግን ይሰማህ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህር ሙያ በአንድ ቃል ይጠቃለል ቢባል ይህችው ናት።

ሲንደርማን ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሰኔ 29 ቀን 1972 ውሳኔ ተሰጠ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ፖተር ስቱዋርት ናቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሰውየው ቴኑር ባይኖረውም እንኳ መንግሥት በተናገረው ነገር የተነሳ ውሉን ሊከለክለው አይችልም። ሁለተኛ፣ ያልተጻፈ መግባባትም መብት ሊያቋቁም ይችላል፤ ሲንደርማን በኮሌጁ ልማድና መመሪያ መሠረት ዋስትና እንዳለው የማስረዳት ዕድል ይሰጠው፤ ካስረዳም ምክንያቱ ተነግሮት ይከራከር። ወደ ሥራው ይመለስ አላለም፤ ይሰማ ነው ያለው።

በዚያው ቀን ዴቪድ ሮት የሚባል ሌላ መምህር ተረታ። ሮት በዊስኮንሲን የሚያስተምረው በአንድ ዓመት ውል፣ ለመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ተስፋ የሚሰጥ አንቀጽ አልነበረውም፤ ስለዚህ አጣሁት የሚለው ነገር የለም ተባለ። ከሁለቱ ጉዳዮች አንድ ጮሌ አስተዳዳሪ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተስፋ አትስጥ። ምንም አትጻፍ፤ እንዲሰማውም አታድርግ።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አእምሮው ወደ አገር ቤት መሄዱ አይቀርም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከመካከላቸው አንዱ ኢኮኖሚስቱ እሸቱ ጮሌ ነበሩ። አገሩም፣ ሥርዓቱም፣ የተቋሙ ክብደትም ይለያያል፤ ኦዴሳና አዲስ አበባን አንድ ናቸው አልልም። መምህሩ ላይ የሚደርሰው ነገር ግን ይመሳሰላል፤ ትናንት ሰሌዳው ፊት የነበረ ሰው ዛሬ የለም፤ ተማሪው ለምን ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት የለም።

67 በመቶ

ከ1972 በኋላ መምህርን ማባረር ከበደ። ማባረር የማያስፈልገው መምህር መቅጠር ግን ቀላል ነበር።

በ1978 የካሊፎርኒያ ሕዝብ «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን ድንጋጌ በድምፁ አጸደቀ። በመኖሪያና በሌላ ንብረት ላይ የሚጣለውን ግብር ከንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገደበው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ አንዱ ትልቅ የገቢ ምንጫቸው ያ ግብር ነበር። በነጻ ያስተምሩ የነበሩት ኮሌጆች በ1984 በክሬዲት 5 ዶላር ማስከፈል ጀመሩ። ዋናው ቁጠባ ግን የመጣው ከተማሪው ኪስ ሳይሆን ከመምህሩ ውል ነው። በኮርስ የሚከፈለው፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውሉ የሚያልቀው «አድጀንክት» በዛ። ዛሬ በመላ አገሪቱ በመንግሥት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ከሚያስተምሩት ከ3 መምህራን 2ቱ ገደማ የትርፍ ሰዓት ናቸው።

ለፍርድ ያህል፣ የትርፍ ሰዓት መምህር ሁሉ ተበዳይ ነው ማለት አይደለም። ቀን ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት የሚውል ኢኮኖሚስት በሳምንት አንድ ማታ ቢያስተምር ለእሱም ለተማሪውም በጎ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያም እንዲህ ነበር። ችግሩ የመጣው ጨው የነበረው ነገር ወጡን ሲተካ ነው።

ካሊፎርኒያ ይህን የሚገድብ ሕግ ነበራት። የትርፍ ሰዓት መምህር በአንድ የኮሌጅ አስተዳደር ውስጥ ከሙሉ ጊዜ ሥራ 60 በመቶ በላይ ማስተማር አይችልም፤ ካለፈ እንደ ቋሚ መታየት ይጀምራል። በ2008 ጣሪያው ወደ 67 በመቶ ከፍ አለ። ዓላማው ኮሌጆች ቋሚ ሰው እንዲቀጥሩ መግፋት ነው። እንደ እኔ ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ሲያነብ የሚሆነውን ወዲያው ያየዋል። «ከ0.67 ከበለጠ ቋሚ ይሁን» ብለህ ከጻፍክ፣ ሥርዓቱ ሁሉንም ሰው 0.66 ላይ ያቆመዋል። መምህሩ ደግሞ በ0.66 አይኖርም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ከተማ ሄዶ ሌላ 0.66 ይፈልጋል። ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ፣ በመካከል አውራ ጎዳና ላይ። ስንደምረው ከቋሚው በላይ ያስተምራል፤ በየትም ቦታ ግን ቋሚ አይደለም። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ይህን በሁለተኛው ሳምንት ትምህርት ለተማሪዎቹ ያስረዳል፤ ጣሪያ ስታበጅ ሰው ባህሪውን ከጣሪያው ጋር ያስተካክላል ብሎ። ምሳሌው ራሱ እንደሆነ የሚነግራቸው ከሆነ ግን እንጃ።

ሕግ አውጪዎቹ በ1988 እንደገና ሞከሩ። በዚያ ዓመት የወጣው ማሻሻያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ከትምህርት ቤት ሥርዓት አላቅቆ ወደ ከፍተኛ ትምህርት አስጠጋው፤ ከትምህርቱ 75 በመቶው በቋሚ መምህራን ይሰጥ የሚል ግብም አስቀመጠ። ግቡ እንደ ግብ ቀረ። በ1989 ደግሞ የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ጉዳይ፣ የትርፍ ሰዓት መምህራን በሴሚስተር መካከል ሥራ አጥ ናቸው ብሎ ወሰነ። በቂ ተማሪ ከተመዘገበ ታስተምራለህ መባል ዋስትና አይደለም፤ ስለዚህ የሥራ አጥ ድጎማ ይገባቸዋል ማለት ነው። ትልቅ ድል ነበር። ግን እስቲ ድሉን በደንብ እንየው፤ ፕሮፌሰሩ ያሸነፈው ሥራ አጥ መሆኑን በማስረዳት ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሳ። እዚያ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህራን ስለ ኮሌጁ ፖሊሲ ከአስተዳደሩ ጋር የሚመክሩት በማኅበራቸው ወኪሎች በኩል ብቻ ነበር። የማኅበሩ አባል ያልሆኑ 20 መምህራን እኛም እንሰማ ብለው ከሰሱ። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደባቸው፤ ሕገ መንግሥቱ የመናገር መብት ይሰጣል እንጂ መንግሥት እንዲያዳምጥህ አያስገድድም አለ። ሲንደርማን የመሰማትን ዕድል አገኘ፤ ከ12 ዓመት በኋላ ባልደረቦቹ ምክራቸውን የማሰማት መብት እንደሌላቸው ተነገራቸው።

45 ሰዓት

ለምንድን ነው ነገሩ ሁልጊዜ ወደዚህ የሚያዘነብለው? ኢኮኖሚክስ ራሱ አንድ መልስ አለው። በ1966 ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን ስለ ሙዚቃና ቴአትር ገቢ ጥናት አሳተሙ። የአራት ሰው የሙዚቃ ቅንብር ከ200 ዓመት በፊት አራት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል። ፋብሪካው በሰዓት የሚያመርተው ሲጨምር ደመወዝ በየቦታው ያድጋል፤ ሙዚቀኛው ግን በሰዓት ከድሮው የበለጠ ሊጫወት አይችልም። ስለዚህ ጥበቡ ከሌላው ዕቃ አንጻር እየተወደደ ይሄዳል። ማስተማርም እንደዚሁ ነው። ባለ 3 ክሬዲት የኢኮኖሚክስ ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት፣ ለ15 ሳምንት፣ 45 ሰዓት ነው። በሳሙኤልሰን ጊዜም 45 ነበር። ሰዓቱን መቀነስ ካልቻልክ የሚቀረው የሰዓቱን ዋጋ መቀነስ ነው።

የእኔ ሙያ ሰዎች 45ቱን ሰዓት በቪዲዮ እንተካዋለን ብለው ነበር። በ2013 መጀመሪያ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዩዳሲቲ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ የሒሳብና የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርሶችን በኢንተርኔት በርካሽ መስጠት ጀመረ። ብዙ ተጻፈለት። በሐምሌ ተቋረጠ፤ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር ክፍል ገብቶ ከሚማረው በጣም አንሶ ተገኘ። አልደነቀኝም። ቀን ሠርቶ የደከመ ሰው ቪዲዮ አይደለም የሚያነቃው፤ «ባለፈው ሳምንት ምነው ቀረህ?» የሚለው ሰው ነው። ይህን ኮምፒውተር በኢሜይል ሊልክልኝ ይችላል፤ ካፍቴሪያ ቁጭ ብሎ ግን አይጠብቀኝም።

የመጨረሻው ማስረጃ ከኢኮኖሚስቶች የመጣ ነው። በ1995 ቶማስ ኬንና ሲሲሊያ ራውስ የኮሌጅ ክሬዲት በሥራ ገበያ ላይ የሚያስገኘውን ገቢ ለኩ። ያገኙት፣ በየ30 ክሬዲቱ ገቢ ከ4 እስከ 6 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ነው፤ ክሬዲቱ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ይምጣ ከአራት ዓመት ልዩነቱ ኢምንት ነው። አንብቤ ስጨርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ቀጣሪው ሁለቱን ክሬዲቶች እኩል ይከፍልባቸዋል ማለት ነው። እኔ ዛሬ ደመወዜን ስቀበል፣ ያ የማታ ክፍል ከዩኒቨርሲቲው ክፍል ያነሰ ዋጋ ተቆርጦለት አይደለም።

እንግዲህ በእኩል ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ሠሪዎቹ እኩል ካልተከፈሉ፣ ልዩነቱ የሆነ ሰው ኪስ ገብቷል። ኢኮኖሚክስ መምህሬ ያስተማሩኝ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ርካሽ የሆነ ነገር ስታይ ወጪውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ጠይቅ። ትምህርታችን ርካሽ የሆነው ግብር ከፋዩ ስለደገፈን ነው፤ እውነት ነው። ግን ደግሞ በበጋ ያለ ደመወዝ የሚቀመጥ፣ ሦስት ኮሌጅ የሚዞር፣ ውሉ በተማሪ ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከጉልበቱ ስለጨመረልን ነው። ዕርዳታውን የሰጠን እሱም ነው፤ የትም ግን አልተመዘገበለትም።

መፍትሔው ሚስጥር አይደለም። የሲንደርማን ጉዳይ የ50 ዓመት ዕድሜ አለው፤ ትምህርቱም አጭር ነው። ዋስትና እንዲሰማህ ማድረግና ዋስትና መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእኔ ሥራ ያልተጻፈ ነገር አይሠራም፤ ማሽኑ ምን ለማለት እንደፈለግክ አይገምትልህም። ለመምህሩም እንደዚያው ነው። አምስተኛ ዓመቱን ላስተማረ ሰው የሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱ ይጻፍለት፤ ውሉ የማይታደስ ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍለት፤ ተማሪ ለሚያነጋግርበት ሰዓት ክፍያው ይጻፍለት። ስሙም ይጻፍ።